ባለቤት መምረጥ

ባለቤት ልመርጥ ነው፤ ለትዳር አይደለም፤
ሽማግሌ ልኬ ጥሎሽ አልጥልም።
ከምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከማሞቂያው ጎን፣
አራት ነፍስ ያድራል ባንዲት ብረት ሳጥን።
ሙስ ጆ ነው ቦታው፤ የገበሬ ማኅበር፣
ስንዴና ምስሩን በቶን የሚቆጥር።

አንዷ አሮጌ ዊንዶውስ፣ ጧሪ የሌላት ናት፤
ሠሪዋ «በቃኝ» ብሎ በቁም የቀበራት።
ግን የግሌንዳ ደመወዝ፣ የሃያ ዓመት ደብተር፣
ከእሷ ሌላ አያውቅም፤ ለሌላም አይናገር።
ሁለተኛው ሊኑክስ፣ የሚዛን ጠባቂ፣
የከባድ መኪናን ክብደት ጠያቂ።
ሦስተኛው ለበር ነው፣ ለካሜራው ዓይን፤
አራተኛው የእኔ፤ ሰብሬ ልጠግን።
እንግዶቹ እነዚህ፤ የጎደለው አስተናጋጅ፣
አራቱን የሚያስገባ በአንድ ጣራ፣ በአንድ ደጅ።

አምና ዊንዶውስን ነው የሾምኩት።
ስሙም መስኮት አይደል? ብርሃን አለው ብዬ፣
አራቱን አስገባሁ አንድ በአንድ አዝዬ።
ደግ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ሆዱ ሰፊ ነው፤
ከሠላሳ ሁለት ጊጋ ስድስቱን ጎረሰው።
እንግዳ ሳይበላ ቀድሞ የሚቀምስ፣
ሳይጠሩት ስለ አየር ዜና የሚተነፍስ።

በመስከረም ሌሊት፣ አጨዳው ሲጧጧፍ፣
መኪና ከነምስሩ ሚዛን ላይ ሲሰለፍ፣
ከሌሊቱ ስምንት፣
«ላድስ ነው ራሴን» አለና ተነሣ፤
አራቱን እንግዶች ከነሕልማቸው ረሳ።
እንግዳ ተኝቶ ጣራ ይነቀላል ወይ?
ሚዛኑ ጨለመ፣ መኪናው ቆሞ ላዩ ላይ።
ሾፌሩ ኦረስት ስልክ ደወለልኝ፤
«አርባ ቶን ይዤያለሁ፤ ሚዛንህ ዜሮ አለኝ።»
በፒጃማ ላይ ጃኬት ደርቤ ነዳሁ፤
«ሃያ ሰባት በመቶ» የሚል ሰማያዊ አየሁ።
ሃያ ሰባት። አሁንም ሃያ ሰባት።
ከደጅ ዘጠኝ መኪና፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።
ሃያ ስምንት። ኦረስት የሱፍ ልጣጭ ሲተፋ።

ዘንድሮ፣ በጥር ብርድ፣ ቅንድብ በሚያደርቅ፣
እጩ አስቀርቤ ገባሁ ልጠይቅ፦
ጌጥህን ተወውና ስንት ትበላለህ?
በስንት ሰዓት ትተኛለህ? ማንን ትሰማለህ?
ይትባረክ ከሬጃይና በስልክ ይሟገታል፤
«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን» ይላል።
እሱ ምን አለበት፤ መኪና አላቆየ፣
ኦረስትን በሌሊት ፊት ለፊት አላየ።

አንዱ እጩ ለዚሁ ሙያ የተፈጠረ፤
ጎበዝ ነው፤ ግን ኪራዩ ባንድ ዓመት ናረ።
የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወረቀቱን አይቶ
ሳቀ፤ እስከ ምሳ ድረስ አልበረደም ከቶ።
ሌላው ዴቢያን ነበር፤ ባዶ እጁን የመጣ፤
መስኮት የለው፣ ሥዕል የለው፣ ድምፅ አያወጣ።
ጥቁር ገጽ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም፣
«ምን ልሥራ?» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም።
ግማሽ ጊጋ ቀምሶ ትሪውን ገፋው፤
«ለእንግዶቹ ይሁን» ያለ መሰለኝ የቀረው።
ፈራሁት አልዋሽም። ለኔትወርኩ ድልድይ
አንዲት ነጥብ ስቼ ዋልኩ ጀንበር ሳላይ።

ቅዳሜ ሌሊቱን እንግዶቹን አጋዝኩ፤
የግሌንዳን አሮጊት እንደ እንቁላል ያዝኩ።
ነቃች። ያው አረንጓዴ ጉብታ፣ ያው ሰማይ፤
ቤት መቀየሯን አታውቅ፣ የተሸከማትን አታይ።
ስንኝ ሲገጣጠም «ቤት መታ» ይባላል፤
አራቱ አብረው ሲነቁ ምን ስም ይገኝለታል?

ሰኞ ግሌንዳ መጣች፤ ካፖርቷን ሰቅላ፣
ደመወዙን ጨረሰች ፖሟን ሳትበላ።
ምንም አላለችም። አንዴም ወደ ምድር ቤቱ አላየችም።
«ቅዳሜን ምን ሠራህ?» አለች በሩ ጋ ቆማ።
«ሰው ቤት ሳዛውር» አልኳት።
«ወገብህን ጠብቅ» አለችኝ፣ እያሰረች ጫማ።